የገደል ማሚቶን በሰዓት መለካት፦ ርቀትን ያለ ንክኪ ስለሚለካው አልትራሶኒክ ሴንሰር ዳሰሳ

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ሮቶው ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ማወቅ የየዕለት ጉዳይ ነው። አንዱ መሰላል አስደግፎ ይወጣና ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ሌላው ዱላ ነክሮ እርጥበቱ የደረሰበትን ይመለከታል። ብልሁ ደግሞ ከውጭ በጣቱ እያንኳኳ ይወርድና ድምፁ ከባዶ ወደ ሙሉ የሚለወጥበትን ቦታ ያገኛል። ይህ ሦስተኛው ሰው ውሃውን ሳይነካ፣ ክዳኑንም ሳይከፍት በድምፅ ለካው።

አልትራሶኒክ ሴንሰርም በድምፅ የሚለካ መሣሪያ ነው። ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይጠብቃል፣ ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ያለውን ርቀት ያለ ንክኪ ይነግረናል። ዋጋው ርካሽ፣ አገጣጠሙም ቀላል በመሆኑ በምህንድስና ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ፣ በመኪና ፓራውልት ላይ፣ በፋብሪካ ታንከር አፍ ላይ እናገኘዋለን። ቀላል ስለሚመስል ግን ብዙ ሰው የሚያወጣውን ቁጥር ሳይጠይቅ ያምናል። መቼ ሊታመን እንደሚገባ፣ መቼስ እንደሚያሳስት አንድ በአንድ ማየት የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ነው።

የሚለካው ጊዜን ነው

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ እረኛ የገደል ማሚቶን ያውቃል። ገደሉ ሲርቅ ማሚቶው ይዘገያል፤ ሲቀርብ ይፈጥናል። ሴንሰሩም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የሚልከው ድምፅ ግን የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ የቀጠነ ነው፤ መዘግየቱንም የሚቆጥርለት የሰከንድን ሚሊዮንኛ መለየት የሚችል ትንሽ ኮምፒውተር ነው።

ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 5.8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብርሃን ያንኑ መንገድ በ6.7 ናኖሰከንድ ይጨርሰዋል። የድምፁን ጉዞ ማንኛውም ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ሳይቸገር ይቆጥረዋል፤ የብርሃኑን ለመቁጠር ግን ለዚያ ብቻ የተሠራ ረቂቅ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። የአልትራሶኒክ ሴንሰር ርካሽነት ምንጩ ይህ የድምፅ ዝግታ ነው።

በተማሪዎችና በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው ሞጁል ነው። ከፊቱ ሁለት ዓይን የሚመስሉ ክብ ቆርቆሮዎች አሉት፤ በሥራቸው ግን አንዱ አፍ፣ ሌላው ጆሮ ነው። 10 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ ትእዛዝ ሲደርሰው በ40 ኪሎኸርዝ ስምንት የድምፅ ሞገዶችን ይለቃል። ማሚቶው እስኪመለስ የሄደውን ጊዜ በአንድ ሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ ምልክት ርዝመት ያሳውቃል። ፕሮግራም ጸሐፊው ያን ርዝመት በማይክሮሰከንድ ወስዶ ለ58 ያካፍለዋል፤ ውጤቱ ሴንቲሜትር ነው። ድምፁ ለአንድ ሴንቲሜትር 29 ማይክሮሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ ደርሶ መልሱ 58 ይሆናል። መግለጫው ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር እንደሚለካ ይናገራል።

ስለዚህ ሴንሰሩ የሚለካው ጊዜን ነው፤ ርቀቱን የምናወጣው እኛ ነን። ስናወጣውም ሦስት ነገሮችን አምነን ነው፤ ድምፁ በምናውቀው ፍጥነት እንደተጓዘ፣ የመለሰው ያሰብነው አካል እንደሆነ፣ የተመለሰውም እኛ የላክነው ድምፅ እንደሆነ። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ሴንሰሩ ጊዜውን በትክክል ቆጥሮም ርቀቱ ይሳሳታል። የመስኩ ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሦስት እምነቶች በአንዱ ሥር ይገባሉ።

ከሌሊት ወፍ እስከ ፎቶ ካሜራ

የሐሳቡ ታሪክ የሚጀምረው ከሌሊት ወፍ ነው። ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓይናቸው የማያይ የሌሊት ወፎች እንቅፋት ሳይመቱ እንደሚበሩ አረጋገጠ። የጄኔቫው ሉዊ ዡሪን ደግሞ ጆሯቸው ሲደፈን መንገድ እንደሚስቱ አሳየ። በጨለማ የሚመራቸው ጆሯቸው እንደሆነ ታወቀ፤ ምን እንደሚሰሙ ግን ማንም ሊናገር አልቻለም፤ ድምፁ ለሰው አይሰማምና። ምስጢሩን የፈቱት ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ ቆይተው ዶናልድ ግሪፊንና ሮበርት ጋላምቦስ በሃርቫርድ ናቸው። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረጉ ሙከራዎች የሌሊት ወፎች የቀጠነ ድምፅ እየለቀቁ በማሚቶው እንደሚመሩ ተረጋገጠ።

የመሣሪያው ታሪክ በሌላ መንገድ መጣ። በ1880 እ.ኤ.አ. ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ይርገበገባሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዊው ፖል ላንዠቨን ይህን ባሕርይ ተጠቅሞ ባሕር ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚቀበል መሣሪያ ሠራ፤ ዓላማው ሰርጓጅ መርከብን ማግኘት ነበር። ዛሬ በትንሿ ሞጁል ውስጥ የምትርገበገበው የሴራሚክ ገጽም የምትሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። እርጉዝ እናቶች በሐኪም ቤት የሚያውቁት አልትራሳውንድም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የእርሱ ድምፅ ግን በሜጋኸርዝ ስለሚቆጠርና በአየር ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ ቆዳ ላይ ጄል መቀባት ግድ ይላል።

ቴክኖሎጂውን በአየር ውስጥ ለተራው ሰው እጅ ካበቁት አንዱ ፖላሮይድ የተባለው የካሜራ ኩባንያ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካሜራ ድምፅ እየላከ የሚነሣውን ሰው ርቀት ለክቶ ሌንሱን በራሱ ያስተካክል ነበር። የካሜራው የመለኪያ ክፍል ለብቻው ሲሸጥ ሮቦት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተሻሙበት። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶዮታ ኮሮና በተባለችው መኪናው ላይ ወደ ኋላ ሲነዳ የሚያስጠነቅቅ የድምፅ መሣሪያ ገጠመ።

የመጀመሪያው እምነት፦ የድምፁ ፍጥነት

የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በ0 ዲግሪ በሰከንድ 331 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህ ጥቃቅን ነገር ነው። እንደ ኢትዮጵያ ደጋና በረሓ በጥቂት መቶ ኪሎሜትር ውስጥ በሚገናኙበት አገር ግን ችላ አይባልም።

ቀመሩ ውስጥ 343 ብቻ የተጻፈበት ሴንሰር ይዘን፣ በትክክል 200 ሴንቲሜትር ርቆ ወደቆመ ግድግዳ እናነጣጥር። ደብረ ብርሃን ላይ በ5 ዲግሪ ማለዳ 205 ሴንቲሜትር ይለናል። ዳሎል ላይ በ40 ዲግሪ ቀትር ያንኑ ርቀት 193 ይለዋል። ግድግዳው አንድ፣ ሴንሰሩ አንድ፣ ልዩነቱ ግን 12 ሴንቲሜትር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ርካሽ የሙቀት መለኪያ አብሮ መግጠምና ፍጥነቱን በየጊዜው ማስላት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝና አየሯ ሥሥ ስለሆነ ድምፅ እዚያ ቀስ ይላል የሚሉ አሉ። እንዲያ አይደለም። የአየር ግፊት ሲቀንስ የአየሩ እፍጋትም አብሮ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይካካሳሉ፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ የድምፅ ፍጥነት አዲስ አበባም ጅቡቲም ያው ነው። ሥሥ አየር የሚነካው የድምፁን ጉልበት ነው፤ የምትርገበገበው ገጽ ለሥሥ አየር የምታስተላልፈው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚያሳስበን ከሩቅ የሚመለሰው ማሚቶ መድከሙ ነው። እርጥበትም ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ለውጡ ግን በመደበኛ ሙቀት ከመቶ ግማሽ እጅ በታች ስለሆነ ለአብዛኛው ሥራ አያስቸግርም።

ሁለተኛው እምነት፦ የመለሰው ማን ነው?

ጀማሪ ሠሪ ሴንሰሩን እንደ ቀጭን ጨረር ያስበዋል። ድምፁ ግን እንደ ባትሪ መብራት እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ኤችሲ-ኤስአር04 የመለኪያ ማዕዘኑ 15 ዲግሪ እንደሆነ በመግለጫው ተጽፏል። በዚህ ስሌት 2 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ፣ 4 ሜትር ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍናል። በዚያ ስፋት ውስጥ ካለው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘገበው በመጀመሪያ የመለሰው ነው። ግድግዳውን እለካለሁ ያለ ሰው ከጎን ያለውን የወንበር መደገፊያ ለክቶ ሊሆን ይችላል።

የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ያነሰ ሻካራነት ያለው ገጽ ሁሉ ለዚህ ድምፅ መስተዋት ነው። የተለሰነ ግድግዳ፣ መስኮት፣ የመኪና ቆርቆሮ፣ የረጋ ውሃ፣ ሁሉም መስተዋት ናቸው። መስተዋት ፊት ለፊት ሲቆም ይመልሳል፤ ዘንበል ሲል ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውራል። ስለዚህ ፊት ለፊት በግልጽ የታየ ግድግዳ፣ ሮቦቱ ሲዞር ድንገት «ጠፋ» ሊባል ይችላል። ግድግዳው ግን እዚያው ነው።

ቁሱም ወሳኝ ነው። ጠንካራና ልሙጥ ገጽ በደንብ ይመልሳል። ስፖንጅ፣ ጥጥ፣ ወፍራም ሱፍ ድምፁን ውጠው ያስቀራሉ። ጋቢ የደረበ ሰው ከቆርቆሮ በር ይልቅ ለሴንሰሩ የደበዘዘ ነው። በፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ አረፋም እንዲሁ ነው፤ በቢራ ፋብሪካና በሳሙና ማምረቻ ታንከር ውስጥ ሴንሰሩ የሚያየው አረፋውን ይሁን ፈሳሹን መለየት ከባድ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱንም አያይም።

ቀለም፣ ጨለማና ብርሃን ግን ለድምፅ ምንም አይደሉም። ጥቁር ጨርቅና ነጭ ጨርቅ፣ ቀትርና እኩለ ሌሊት ለእርሱ አንድ ናቸው። ብርሃን ዘልቆት የሚያልፈው መስታወት ለድምፅ ግድግዳ ነው። ይህ የአልትራሶኒክ ትልቁ ጸጋ ነው።

ሦስተኛው እምነት፦ የማን ድምፅ ነው?

የተመታ ደወል ወዲያው ዝም አይልም። የሴንሰሩ ገጽም ድምፁን ከለቀቀ በኋላ ለአፍታ መርገብገቧን ትቀጥላለች፤ በዚያ አፍታ የሚመለስን ማሚቶ ከራሷ ርግብግቢት መለየት አትችልም። እያንዳንዱ ሴንሰር ከፊቱ የማያይበት አጭር ርቀት ያለው ለዚህ ነው። ሁለት ዓይን ባለው ሞጁል ላይ 2 ሴንቲሜትር ነው። በአንድ ገጽ በሚልኩና በሚቀበሉት ውሃ የማያስገቡ ሴንሰሮች ላይ ግን 20 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሮቶ ላይ የሚገጥም ሰው ይህን ከዘነጋ፣ ውሃው ሊሞላ ሲል ሴንሰሩ ትርጉም የሌለው ቁጥር መስጠት ይጀምራል።

ሁለተኛው ችግር የቆየ ማሚቶ ነው። ከሩቅ ግድግዳ ዘግይቶ የተመለሰ ድምፅ አዲስ ልኬት ከተጀመረ በኋላ ሲደርስ የቅርብ ዕቃ ይመስላል። በዚህ ምክንያት በሁለት ልኬቶች መካከል 60 ሚሊሰከንድ እንዲጠበቅ ይመከራል። ይህ በሰከንድ 16 ልኬት ገደማ ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በ60 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ሴንሰር ለማቆሚያ ቦታ እንጂ ለአውራ ጎዳና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ሮቦቶች በአንድ ዓይነት ሴንሰር ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ የራሱ አድርጎ ይቀበላል። በአንድ መሣሪያ ላይ ከሆነ ተራ በተራ እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል፤ የማይተዋወቁ መሣሪያዎች ሲሆኑ ግን ይከብዳል። ሆን ብሎ የሚያውክም ሊኖር ይችላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የመኪና አልትራሶኒክ ሴንሰሮችን በውጭ ድምፅ ማደናገር እንደሚቻል በአደባባይ አሳይተዋል።

ተፎካካሪዎቹ

ለአጭር ርቀት ሌሎች አማራጮችም አሉ። ቀላሉ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ትንሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን ይረብሸዋል፣ የዕቃው ቀለምም ያሳስተዋል። ሌዘር እየላከ የብርሃኑን ጉዞ ጊዜ የሚለካው አዲሱ ትውልድ ጨረሩ ጠባብ፣ ልኬቱ ጥሩ ነው፤ ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ሆኖም ይሸጣል። መስታወትንና ጥርት ያለ ውሃን ግን ዘልቆ ያልፋል፤ ጠራራ ፀሐይም አቅሙን ይቀንሰዋል። ራዳር በአየሩ ሙቀት፣ በእንፋሎትና በአቧራ እምብዛም አይረበሽም፤ በኢንዱስትሪ ታንከሮች ላይ የአልትራሶኒክን ቦታ እየወሰደ ያለውም እርሱ ነው። ዋጋው ግን ገና ከፍ ያለ ነው።

ከጥቂት ሴንቲሜትር እስከ ሦስትና አራት ሜትር፣ ጠንካራና ፊት ለፊት የቆመ ገጽ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ፣ የአንድ ሴንቲሜትር ስሕተት የሚፈቀድበት ሥራ ከሆነ በዚህ ዋጋ አልትራሶኒክን የሚተካከል የለም። ጠባብ ዒላማ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከፍተኛ ፍጥነት ወይም የሚሊሜትር ጥራት ከተፈለገ ግን ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ሥራ ላይ፦ ሮቶ፣ መኪና፣ በትር

የውሃ ታንከር ለዚህ ሴንሰር የተፈጠረ ይመስላል፤ ውሃ ጠፍጣፋ ነው፣ ሁልጊዜም ፊት ለፊት ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ከላይ ያነሣነው የማያየው ርቀት ነው፤ ሴንሰሩ ከሙሉ ውሃ ልክ በላይ ከፍ ተደርጎ መሰቀል አለበት። ሁለተኛው ጤዛ ነው፤ በገጹ ላይ ጠብታ ሲቋጠር ልኬቱ ይዘበራረቃል፣ ክፍት ዓይን ያለው ሞጁልም ጥቂት ቆይቶ ይዝጋል። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ በተቀመጠ ሮቶ ውስጥ አየሩ 45 ዲግሪ ቢደርስና ቀመሩ ለ20 ዲግሪ የተጻፈ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ዝቅ ያለው ውሃ 96 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር ለሆነ ታንከር እያንዳንዱ ሴንቲሜትር 11 ሊትር ነው። የሌለ ውሃ አለ ተብሎ የሚቆጠረው 45 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ያህል ይሆናል። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጣበት ቤት ሁለት ጀሪካን ቀላል ነገር አይደለም።

በመኪና ላይ ሴንሰሩ ሥራውን በሚገባ አስመስክሯል። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው ድምፅ ብዙ ፓራውልትና ብዙ የልጅ እግር አድኗል። ሆኖም ቀጭን ብረት፣ ከሾጣጣው በታች የቀረ የመንገድ ጠርዝ፣ በክረምት ገጹን የሸፈነ ጭቃ ያታልሉታል። ቴስላ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከአዳዲስ መኪኖቹ ላይ አልትራሶኒክን እያነሣ በካሜራ ብቻ መሥራት መርጧል፤ ሌሎች ብዙ አምራቾች ግን አሁንም ይገጥሙታል። ካሜራ ምሥሉን ያያል፤ ድምፅ በጨለማ ርቀቱን ይነግራል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው የሚሻለው።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ሥራ ለዓይነ ስውራን የሚሠራው ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሌስሊ ኬይ በመነጽር ላይ የሚገጠም የድምፅ መሪ መሣሪያ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ሠርቷል። በሕንድ የዴልሂ ቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ስማርት ኬን በነጭ በትር ላይ ተገጥሞ ከጉልበት በላይ ያለውን እንቅፋት በንዝረት ያስታውቃል። በእኛም አገር የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ሐሳብ ለመመረቂያ ሥራ ይመርጡታል፤ መምረጣቸውም የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በትሩ በራሱ መሬት እየነካ ጉድጓድን፣ ደረጃን፣ ቦይን ይለያል። ሴንሰሩ የሚጨምርለት በትሩ የማይደርስበትን ነው፤ በፊት ከፍታ የተንጠለጠለ ማስታወቂያ፣ ተከፍቶ የቀረ የመኪና በር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። ወደ መሬት ዘንበል ብሎ የተገጠመ ሴንሰር ለስላሳውን አስፋልት እንደ መስተዋት ስለሚያገኘው ማሚቶው አይመለስለትም፤ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድና ደህና መንገድ ለእርሱ ሊመሳሰሉበት ይችላሉ። ስለዚህ «በትሩን ይተካል» ተብሎ የሚቀርብ ፕሮጀክት አደገኛ ነው። «በትሩን ያግዛል» የሚለው እውነት ነው።

ለሚሠሩና ለሚያስተምሩ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው። አልትራሶኒክ ሴንሰር ታማኝ መሣሪያ ነው፤ ታማኝነቱ ግን ጊዜን በመቁጠር ነው፣ ርቀትን በመናገር አይደለም። ርቀቱን ታማኝ የሚያደርገው የሠሪው ጥንቃቄ ነው። አንድ ልኬት ወስደህ አትመን፤ አምስት ውሰድና መካከለኛውን ያዝ፤ የተሳሳተው ማሚቶ ወደ ዳር ይወድቃል። የአየሩን ሙቀት ለካ። ሴንሰሩን ከጎን ካለ ዕቃ አርቀህ፣ ለዒላማው ፊት ለፊት ግጠመው። ማሚቶ ያልመጣበትን ጊዜ «መንገዱ ክፍት ነው» ብለህ ሳይሆን «አላውቅም» ብለህ ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፈው። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ሰሌዳ ከሆነ የያዝከው፣ ከሴንሰሩ የሚመጣውን 5 ቮልት በሁለት ሬዚስተር ሳትቀንስ አታገናኘው።

ለመምህራን ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ተማሪው ሴንሰሩን ካገናኘና ቁጥር በስክሪኑ ላይ ካየ በኋላ ሥራው አላለቀም። የግንበኛ ሜትር ይሰጠው፤ በ20፣ በ50፣ በ100፣ በ200 ሴንቲሜትር ላይ ግድግዳ፣ ካርቶን፣ ጋቢና ዘንበል ያለ ጠረጴዛ አቁሞ ይለካ፤ ሴንሰሩ ያለውንና ሜትሩ ያለውን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ማለዳም ቀትርም ይድገመው። መሣሪያው የት እንደሚሳሳት በእጁ ያረጋገጠ ተማሪ ነገ ለዓይነ ስውር ወንድሙ በትር ሲሠራ ሊታመን ይችላል።